ገብስማዋ ወደ ቆጧ ስትመለስ

አንድ ቢምረው የሚባል ሰው በአንድ የደጋ መንደር ዳርቻ ብቻውን ይኖር ነበር። ብቻውን ስላችሁ ሚስት የሌለው ማለቴ አይደለም፤ ሚስት ሳይኖራቸው ቤታቸውን ሰው የማይለየው ስንት አሉ። ብቻውን ማለቴ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ስሙን የሚጠራ ሰው የሌለው ማለቴ ነው። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል። አንዲት ልጁ ቆላ ወርዳ ተድራለች፤ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ግቢው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ስድስት ዶሮዎችና አንድ ጉረኛ አውራ ዶሮ ብቻ ነበሩ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በዚያ መንደር ክረምት ሲገባ ሰዉ በወንፈል ያርማል፤ ዛሬ ሁሉም ያንተ ማሳ ላይ ይወርዳል፣ ነገ ሁሉም የጎረቤትህ ማሳ ላይ። ቢምረው ከሰልፉ መሀል ነበር የሚንበረከከው። ዘፈን አውጪ አልነበረም፤ ሲያወጡ ግን ይቀበል ነበር፣ ያውም ደህና አድርጎ። ታዲያ አንድ ዓመት ግራ ቅልጥሙን እሾህ ወጋው። የእሾህ ቁስል ምን አላት ተብሎ ተናቀ። ቁስሉ ግን አልድን አለ፤ ሰፋ፤ ኋላም መሽተት ጀመረ። ራቅ በል ያለው ሰው የለም። መራቅ የጀመረው ራሱ ነው። በሰንበቴ ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ለቅሶ ቤት ውጭ መቆም፣ ወንፈል ሲሆን ደግሞ «ዛሬስ አልተመቸኝም» ማለት አመጣ። በመጨረሻ ዶሮዎቹን ወንዝ ማዶ ለሚኖሩት ለእማማ ደብሬ አደራ ሰጥቶ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ትቶ፣ ሩቅ አገር ወዳለ ጠበል ሄደ። ሁለት ክረምት እዚያ አሳለፈ።

ቁስሉ ደረቀ። ጠበሉ ይሁን፣ እዚያ አንድ መነኩሴ በየቀኑ ያስሩለት የነበረው ቅጠል ይሁን፣ እኔ አልፈርድም። ዳነ፣ ይኸው ነው።

ወደ መንደሩ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር እያሰበ ነበር የመጣው። ሲያዩት የሚሆኑትን። ማን ቀድሞ እንደሚሮጥ፣ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን በግ እንደሚያርድ ሳይቀር አስቦ ጨርሶ ነበር። ሰው ብቻውን ሲሆን በሐሳቡ የማይደግሰው ድግስ የለም። የደረሰው ግን አገሩ ሁሉ በእርሻ በተወጠረበት ሰሞን ነው። ያገኙት ሁሉ ትከሻውን ስመው፣ «እንኳን ማረህ» ብለው፣ ወደ በሬያቸው ሄዱ። እማማ ደብሬም ዶሮዎቹን መልሰውለት፣ አንድ ሁለት ነገር ተቆጥተውት ወደ ቤታቸው ተሻገሩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ደግሞ የልጅነት ጓደኛው ልየው፣ ያ አፉ የማያርፍ ልየው፣ ገና ከሩቅ ሲያየው «ቢምረው! ጠበሉን ጠጥተህ ጨረስከው አሉ! ለኛ ጠብታ እንኳን አታስተርፍም?» አለ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ድንጋይ ላይ የተቀመጡትም ቦታ ሊለቁለት ወዲያና ወዲህ አሉ።

ቢምረው አልሳቀም። ቦታ ሲለቁለት የሸሹት መሰለው። ፊቱን አዙሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ቅዳሴ ከገባ በኋላ፣ የሚወጣውም ሳያልቅ ሆነ። «ረስተውኛል» አለ ለራሱ። «ይጠሩኝ እንደሆነ አያለሁ» አለ። አልጠሩትም። ክረምቱ ገባ፤ ወንፈሉ ተጀመረ። ከደጁ ሆኖ የአራሚዎቹን ዘፈን ከማዶ ይሰማል። አንዳንዴ ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ። ዝናብ እየመጣ ስለሆነ ይፈጥናሉ፤ እሱ ግን ከእሱ ደጅ ሲደርሱ የሚፈጥኑ ይመስለዋል። ሰው አንዴ ተጠላሁ ብሎ ካሰበ ዝናቡን እንኳን አያይም።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ማለዳ ከዶሮዎቹ ጎጆ ጩኸት ሰማ። ሮጦ ሲደርስ ሽለምጥማጥ በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ አመለጠ፤ ጭራውን ብቻ አየው። ገብስማዋ ዶሮ፣ ያች ነጭና ግራጫ የተዥጎረጎረችው፣ መሬት ላይ ወድቃለች። ጀርባዋ ተቦጭቋል፤ አንድ እግሯ ተሰብሯል። ወሩ ጾም ባይሆን ሌላ ሰው ቢላ ያመጣ ነበር፤ ጾም በመሆኑ ደግሞ ለውሻ ይጥላት ነበር። ቢምረው ግን አንስቶ ቤት አስገባት። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት አይነግራችሁም። እኔ ልንገራችሁ፤ ቁስል ያለበትን ነገር መጣል አልቻለም።

ቁስሏን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠበ። የመንደሩ ወጌሻ የሰው እጅ ሲያስር እንዳየው፣ እግሯን በሁለት የሸንበቆ ስንጥር መሀል አድርጎ በጨርቅ አሰረላት። እንቅብ ውስጥ ገለባ ጎዘጎዘና ከምድጃው አጠገብ አስተኛት። ገብስ በውሃ አርሶ ከመዳፉ አበላት። ዝናቡ የሣር ክዳኑን ሲደበድብ ይውላል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ቤት ውስጥ ይዞራል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቀን «እንዴት አደርሽ» አላት። በአምስተኛው ቀን ስለ ቅልጥሙ ነገራት። በሁለተኛው ሳምንት ልየውን አማላት። እሷም አንገቷን ጠመም አድርጋ ትሰማለች። ዶሮ መቼም ጥሩ አድማጭ ናት፤ ወሬ አታወጣም፣ ምክርም አትሰጥም።

አምስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ስንጥሩ ተፈታ፤ ጀርባዋ ላባ አወጣ። ነሐሴ ሲጠባ ገብስማዋ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ትዞረው ጀመር። ድናለች። ቢምረው ደስ አለው፤ ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። የዳነች ዶሮ የሰው ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች?

እሷም ያን ሰሞን አንድ ነገር አመጣች። በሩ ሲከፈት ደፉ ላይ ትቆምና ጓሮውን ታያለች። ሌሎቹ ዶሮዎች ጭቃውን እየጫሩ ትል ይለቅማሉ፤ አውራው መሀላቸው ይንጎራደዳል። እሷ አንድ ረጅም፣ ዝግ ያለ ድምፅ ታሰማለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ቢምረው ያን ድምፅ ሲሰማ የያዘውን ሥራ ይተዋል። ያውቀዋላ! እሱም የአራሚዎቹን ዘፈን ከደጁ ሆኖ ሲሰማ፣ ሊቀበል አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋው ነበር።

አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብልጭ ስትል «እንግዲህ ይሁን» ብሎ አቅፏት ወጣ። ገብስ በተነ። ዶሮዎቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። ገብስማዋን ከመሀላቸው አስቀመጣትና እንግዳ እንዳስተዋወቀ ሰው ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀይዋ ዶሮ፣ የመንጋው እመቤት፣ አንገቷን ነፍታ መጣችና አናቷን ጠቅ አደረገቻት። ሌሎቹም ተከተሉ። ገብስማዋ ወዲህ ስትል አንዷ፣ ወዲያ ስትል ሌላዋ። ቢምረው ዱላውን አንስቶ መሀል ገባ።

«እናንተ ጨካኞች! እህታችሁ አይደለችም እንዴ?» ብሎ በተናቸው። ገብስማዋን አቅፎ ቤቱ ገባ፤ በሩንም ዘጋ።

በማግስቱ እንደገና ወጣ፤ አሁን ዱላውን እንደያዘ። ከጎኗ ቆሞ የሚጠጋትን ሁሉ ማባረር ያዘ። ሰባት ቀን ሙሉ ዘበኛ ሆነ። ዱላው ባለበት ማንም አልነካትም፤ ማንም ደግሞ አልቀረባትም። ሌሎቹ ከጓሮው ወዲያ ጫፍ ይለቅማሉ፤ እሷ ከእሱ እግር ሥር ትቆማለች። መጀመሪያ ዶሮዎቹ የሚሸሹት ዱላውን ነበር፤ በኋላ ገብስማዋን ራሷን ሲያዩ መሸሽ ጀመሩ። እሷ ከወጣች ዱላ ይመጣል ማለት ነው፤ ዶሮም ይህን ያህል ሒሳብ ታውቃለች።

በስምንተኛው ቀን ገብስማዋ ከመዳፉ ገብሱን አልበላም አለች። በዘጠነኛውም ቀን አልበላችም። ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ከድና እንቅቧ ውስጥ ተኛች። ቢምረው ጀርባዋን ቢያገላብጥ ደህና ነው፤ እግሯን ቢነካ ጠንካራ ነው። እየሞተች ነበር ግን። ሁለት ዓመት ሕመምተኛ መሀል የኖረ ሰው ይህን አይስትም።

ደነገጠ። እሷ ከሞተች በዚያ ቤት «እንዴት አደርሽ» የሚባል ፍጡር አይኖርም። ወንዙ እስኪጎድል አልጠበቀም። ገብስማዋን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ውሃው ጉልበቱን እየመታው ወደ እማማ ደብሬ ተሻገረ።

እማማ ደብሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ያረቡ፣ ለዶሮ እንጂ ለሰው አይራሩም የሚባሉ ሴት ናቸው። ውሸት ነው፤ ለሰውም ይራራሉ፤ ሲራሩ ግን ይቆጣሉ። ገብስማዋን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። እግሯን ሳብ፣ ላባዋን ገለጥ፣ አፏን ከፈት አድርገው አዩ።

«ይህቺ ዶሮ ምንም የላትም» አሉ።

«እንዴት የላትም እማማ? እህል ካፏ ከገባ እኮ ሁለት ቀኗ ነው።»

«ከሽለምጥማጡ አድነሃታል፤ እጅህ ይባረክ። አሁን ያሳመምካት አንተ ነህ።»

ቢምረው ክው አለ። «እኔ? አምስት ሳምንት ከመዳፌ ያበላኋት እኔ?»

«አዎ፣ አንተ! ዶሮ ለብቻዋ አትኖርም ልጄ። ለመሆኑ እንዴት አድርገህ ነው የመለስካት? እስቲ ንገረኝ።»

ነገራቸው። የፀሐይዋን መውጣት፣ ገብሱን፣ ቀይዋን፣ ዱላውን። ዱላው ላይ ሲደርስ እማማ ደብሬ ራሳቸውን ያዙ።

«በጠራራ ፀሐይ! ያውም ገብስ በትነህ፣ ያውም እንደ ሙሽራ ከመሀል አስቀምጠህ!» አሉ። «ስማኝ። የምትመልሳት ሲመሽ ነው፤ ሁሉም ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ። ዝናብ ካለማ ይበልጥ ጥሩ። ከታችኛው እንጨት ጫፍ ላይ አስቀምጣት። ከላይ እንዳትሰቅላት፤ የላዩ ቦታ ባለቤት አለው። አንድ ቃል ሳትናገር ውጣ። ብርድ ሲሆን ይጠጋጋሉ፤ ሲጠጋጉ ማን ናት ብለው አይጠያየቁም። ጠዋት አብራቸው ያደረች ሆና ትነሣለች።»

«ጠዋትስ አይነኳትም?»

«ይነኳታል እንጂ፤ ለምን አይነኳትም?» አሉ ቆጣ ብለው። «ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ ያደርጓታል። የት ነበርሽ፣ ቦታሽ የቱ ነው ማለታቸው ነው፤ ዶሮ ሌላ መጠየቂያ የላትም። አንገቷን ሰበር አድርጋ ከቻለችው ያልቃል። የማያልቀው አንተ ዱላ ይዘህ መሀል ስትገባ ነው። ደም ካላየህ ዝር እንዳትል።»

ቢምረው መሬት መሬቱን እያየ ሰማ። አመስግኖ ሊነሣ ሲል እማማ ደብሬ እጁን ያዙት።

«አንተስ?» አሉት።

«እኔ ምን?»

«ከመጣህ አራት ወር ሆነህ። በሰንበቴ የለህ፣ በወንፈል የለህ።»

«አልጠሩኝማ እማማ።» ድምፁ ተሰበረ። «አንድ ሰው አልጠራኝም። ልየው እንኳን፣ አብሮኝ ያደገው ልየው፣ በሰው ፊት ነው ያሳቀብኝ። ሰዉም ቦታ እየለቀቀ ሸሸኝ። ድኜ እኮ ነው የመጣሁት! አሁንም የምሸታቸው መስሏቸው ይሆን?»

«የመንደርህን ደንብ ጠበሉ አስረሳህ?» አሉት፤ አሁን ግን ድምፃቸው ለስልሷል። «ከጠበል የተመለሰን ሰው ለሥራ የሚጠራ ማን አለ? እግዜር ሳይጨርስ አስነሡት እንዳይባል፣ ራሱ መጥቶ ድኛለሁ፣ እጄ ይኸው እስኪል ይጠበቃል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ከጠበል የመጣ ጊዜ፣ አይጠራም፣ ደንብ አይደለም ብለህ ሰዉን የመለስከው አንተ አይደለህም?»

እውነታቸውን ነበር። ቢምረው ደንቡን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በሌላ ሰው ላይ ሲሆን ነው። በራሱ ላይ ሲመጣ ደንብነቱ ጠፍቶት ጥላቻ መሰለው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው።

«መቼ ጠየቅከኝ? ዶሮ ካልታመመችብህ እኔ ቤት መምጣት አታውቅ!» ብለው ገብስማዋን መልሰው አስታቀፉት።

ያን ዕለት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ የጀመረ አላባራም። ሲመሻሽ ዶሮዎቹ ቀድመው ቆጣቸው ላይ ወጥተዋል። ቢምረው ገብስማዋን ይዞ ጎጆዋ በር ላይ ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሊመለስ ነበር። ደረቱ ላይ ሞቃ ተቀምጣለች፤ ልቧ ሲመታ ይሰማዋል። ይህቺን ከሰጠ ነገ ለማን ያወራል? ቢያስቀራትስ ማን ያየዋል? ቢያስቀራት እስክትሞት ድረስ የእሱ ትሆናለች፤ የምትሞተው ግን በዚሁ ሳምንት ነው። ጎንበስ ብሎ ገባ። ከታችኛው እንጨት ጫፍ ላይ አስቀመጣት፤ አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ምድጃው ፊት ተቀመጠ። የዶሮዎቹ ጎጆ ከግድግዳው ወዲያ ናት። ብዙም ሳይቆይ ክንፍ ሲማታ ሰማ፤ ቀጥሎ ጩኸት። የእሷ ነው። እጁ ሳያዘው ዱላውን አንስቷል። ተነሣ። መልሶ ተቀመጠ። ክንፉ እንደገና ተማታ። ቢምረው ራሱን ስላላመነ ዱላውን ለሁለት ሰብሮ እሳቱ ውስጥ ጨመረው። እንጨቱ እርጥብ ነበርና ቤቱን በጭስ ሞላው። አለቀሰ። ዓይኔ ውስጥ ጭስ ገብቶብኝ ነው ማለት ይችል ነበር፤ የሚነግረው ሰው ግን አልነበረም። ኋላ ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ አለ፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጎ አየ። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ገብስማዋ መጨረሻ ወጣች። አናቷ ላይ ትንሽ ላባ ጎድሏል፤ ደም የለም። ቀይዋ ዞር ብላ አየቻትና ጠቅ አደረገቻት። ገብስማዋ አንገቷን ሰበረች፤ አልሸሸችም። ሌላዋም መጣች፣ ጠቅ አደረገች፣ ወደ ጉዳይዋ ሄደች። ገብስማዋ ከዳር ሆና ጭቃውን ጫረች፤ ያገኘችውንም ለቀመች። ረፋድ ላይ ዶፍ ሲወርድ ሁሉም ወደ ጎተራው ሥር ሮጡ። እሷም ሮጠች፤ ተጋፍታ ገባችና ከቀይዋ ጎን ተወሸቀች። ቀይዋ ምንም አላለቻትም። በሦስተኛው ቀን ቢምረው ከሩቅ ሆኖ እሷን ከሌሎቹ ለመለየት ዓይኑን ማጥበብ አስፈለገው።

ደስ አለው። ደስ ብሎት ወደ ቤት ገባና «አየሽልኝ?» ሊል አፉን ከፈተ። ማንም የለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ብቸኝነትን አውቀዋለሁ ብሎ ያስብ ነበር፤ ገና ያን ጊዜ አወቀው። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ የራሱን ትንፋሽ ይሰማል። ከምድጃው ፊት ቁጭ ብሎ፣ ዶሮዋ ያደረገችውን እሱ ለምን እንደማይችል ራሱን ጠየቀ። መልስ ማጣቱ ከምንም በላይ አሳፈረው።

በማግስቱ ወንፈሉ በልየው የጤፍ ማሳ ላይ ነበር። ቢምረው ከሣር የተሠራች የዝናብ ገሳውን ደርቦ ሄደ። የጠራው የለም። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሟል፤ አንዴ ገሳውን ለማስተካከል፣ አንዴ ያለ ምክንያት። ሲደርስ ሃያ የሚሆን ሰው ጤፉ ውስጥ ተንበርክኮ ያርማል። አዩት። ዘፈኑ ቆመ። መጀመሪያ ቀና ያለው ልየው ነው።

«እሰይ!» አለ ጮክ ብሎ፤ የገብስማዋን ነገር ከእማማ ደብሬ ሰምቷል። «የዶሮዎቹ ወጌሻ መጣላችሁ! እግሩ የተሰበረ ካለ ይሰለፍ!»

ሳቁ ማሳውን ሞላው። የቢምረው እግር ራሱ ወደ ኋላ ሊዞር ጀምሮ ነበር። አሁን ከዞረ ዳግመኛ እንደማይመጣ ያውቃል፤ የቀረውን ዕድሜውን በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ይጨርሳል።

«ድኛለሁ። እጄ ይኸው» አለ በመጀመሪያ፣ እንደ ደንቡ። ከዚያ ወደ ልየው ዞሮ «እግር እጠግናለሁ። የምላስ ግን አልችልበትም፤ አንተ ጠበል ግባ» አለው።

አሁን ሳቁ ወደ ልየው ዞረ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ልየው ነበር።

ከሰልፉ መሀል ቦታ አልነበረም። ሁለት ዓመት ክፍት ሆኖ የሚቆይ ቦታ የት አለ? እዚያ አሁን ሌላ ሰው ይንበረከካል። ቢምረው ወደ ጫፉ፣ ውሃ ወደሚተኛበት ረግረግ ሄዶ ተንበረከከ። አረሙን መንቀል ጀመረ። ዘፈኑ ቀጠለ። እሱም ተቀበለ፤ ድምፁ መጀመሪያ ሰለል አለበት፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ወጣለት። ጎኑ ያለው ሰው አንድ እርምጃ ያህል ወደ ረግረጉ ተሻገረና አገዘው።

ቀትር ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሁሉም ከማሳው ዳር ወዳለችው የሰብል ጠባቂ ጎጆ ሮጠ። ለአምስት ሰው በተሠራች ጎጆ ሃያ ሰው ገባባት። ቢምረው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ግማሽ አካሉ ውጭ ሆኖ ቆመ። ማንም እዚያ ቁም አላለውም። ቁስሉ ይሸት በነበረበት ዘመን ሰው እንዳያስቸግር የለመደው አቋቋም ነው፤ ቁስሉ ድኖ ልማዱ ቀርቶበታል። ከውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ ክንዱን ያዘው። ልየው ነው።

«እኔ እኮ ያን ቀን» አለ ልየው፣ ለአንድ ጊዜ እንኳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ብዬ እንደማናግርህ ጠፍቶኝ ነው። ሲጠፋኝ እቀልዳለሁ፤ ታውቀኝ የለ? ጥለኸኝ ስትሄድ ጊዜ አፈርኩ። ከዚያ በደጅህ ማለፍም አቃተኝ።»

ቢምረው ክንዱን ከልየው እጅ አላስለቀቀም።

«ጠጋ በል» አለው ልየው። «ጀርባህን እየመታህ ነው። ጠጋ በል እንጂ!»

ተጠጋ። ግራና ቀኙ የሰው ትከሻ ሆነ፤ እርጥብ፣ ጭቃ ጭቃ የሚሸት፣ የሚሞቅ ትከሻ። ቢምረው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ከሰው አፍ «ጠጋ በል» የምትለዋን ቃል ሰምቷት አያውቅም ነበር።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። ሕመም ሁለት ጊዜ ያማል፤ አንዴ ሲይዘን፣ አንዴ ድነን ስንመለስ። የፊተኛውን መድኃኒት ያድነዋል፤ የኋለኛውን ሰው ብቻ ነው የሚያድነው። የሄደ ሰው ቦታው ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም። ሲመለስ ከጫፍ መጀመር አለበት፤ ጥቂት መነካትም አለ፣ እሱን ችሎ መቆየት ያስፈልጋል። የምንወደውን ሰው ከሌላው ለመጠበቅ ብለን መሀል ስንቆም ደግሞ፣ ሳናውቀው ከሰው የምንለየው እኛ እንሆናለን። ውስጥ ያለነውም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ደንቡ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ አፍረን ስንዘገይ፣ በቀልድ ስናልፈው፣ አንድ ሰው ደጅ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል።

እናንተስ ይህን ያነበባችሁ? ከሕመም፣ ከእስር፣ ከሐዘን ወይም ከስደት ተመልሶ፣ ማንም ሳይከለክለው ከጣሪያችሁ ጠርዝ ሥር የቆመ ማን አለ? እስኪጠይቃችሁ እየጠበቃችሁት ነው? እሱም እናንተን እየጠበቀ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ?